ያየ፣ የሰማ፣ ያልተናገረ

የጋሻውን ሞት ያረዱኝ እናቱ ናቸው። ከእስቴ ደወሉና ማንነታቸውን እንኳ በቅጡ ሳይነግሩኝ፣ «ልጄ አረፈ፤ ቀበርነው» አሉኝ። ጉበቱን እንደታመመ ሰምቼ ነበር፤ እንዲህ ይፈጥናል ብዬ ግን አላሰብኩም። የማጽናኛ ቃል ስፈላልግ እሳቸው ቀደሙኝ።

«ላለቅስብህ አይደለም የደወልሁ፤ ለጉዳይ ነው። እዚያ እናንተ ዘንድ ግዝት አለበት። ከብት የጠፋባቸውን ሰዎች ዞረህ ለምንልኝ። ከአርባው በፊት ‹እግዚአብሔር ይፍታው› ይበሉልኝ። እዚያ አገር ካንተ በቀር የማውቀው ሰው የለኝም፣ ልጄ።»

እሺ አልኳቸው። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ጋሻውም ዕድሜውን ሙሉ እሺ ሲል ነው የኖረው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ቀድሞ መጣብኝ። ሰውየው በሞቱም ጅምር ትቶልኝ ሄደ!

ከጋሻው ጋር የተዋወቅነው ንፋስ መውጫ፣ አንድ ትምህርት ቤት ስናስተምር ነው። እሱ ሒሳብ፣ እኔ አማርኛ። በእማማ ጥሩዬ ግቢ ጎን ለጎን ክፍል ተከራይተን ነበር፤ በመካከላችን ያለው የጭቃ ግድግዳ ሳል እንኳ አያስቀርም። ረጅምና ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ የኮቱ ኪስ ከገብስ ቆሎ ተለይቶ የማያውቅ ሰው ነበር። አንድ ነገር ሲገለጥለት የግራ ጆሮውን ይዞ ይጎትታል። ጆሮው ቀልቶ ካየሁት አንድ ነገር ፈጥሯል ማለት ነው።

የሚፈጥረው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ማንም አላስተማረውም፣ ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አይከፍለውም። በቁልፎቿ መሀል የቆሎ ገለባ የሞላባት አሮጌ ላፕቶፕ ነበረችው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ እሷን ይከፍታል። የሚበላው እሷ ፊት ነው፤ የሚስቀውም ለእሷ ነው። በግድግዳው በኩል ብቻውን ሲስቅ የሰማ ሰው አንድ ነገር ነክቶታል ይል ነበር።

«ለማን ብለህ ነው እንዲህ የምትደክመው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ደስ ስለሚለኝ ነዋ! አንተ ቅኔ ሰምተህ ስትደሰት ማን ይከፍልሃል?»

እውነትም ደስታው የሚያስቀና ነበር። እኛ ከሥራ ስንወጣ ስለ ደሞዝና ስለ ኑሮ ውድነት ስናላዝን እሱ ወደ ቤቱ የሚሮጠው ሠርግ እንደሚጠብቀው ሰው ነው።

መስከረም በመጣ ቁጥር መምህራንን የሚያጣላውን የክፍለ ጊዜ ድልድል በኮምፒውተር ሠራው። አንድ መምህር ባንድ ጊዜ ሁለት ክፍል የማይመደብበት፣ ነፍሰ ጡሯ መምህርት የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የማይደርስባት፣ ሁሉን ያሰበ ድልድል ነበር። ርእሰ መምህሩ በደስታ ሊስመው ምንም አልቀረው። ከዚያ አንድ አዲስ መምህር ተዛውሮ መጣ። «እሱን ጨምርልን» ተባለ። ጋሻው እሺ አለ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ድልድሉ እንደ ድሮው በእርሳስና በላጲስ ተሠራ። ለምን እንደተወው ስጠይቀው እንደ ቂል እያየኝ፣ «ዋናው ሐሳብ እኮ አልቋል፤ የቀረው ጉልበት ነው» አለኝ።

ይህችን ቃል ከአፉ ስንቴ ሰማኋት! ለተማሪዎች የግዕዝ ቁጥር የሚያለማምድ ነገር ጀመረ፤ መቶ ላይ ሲደርስ ተወው። የዝናቡን ልክ የሚይዝ ነገር ጀመረ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ተወው። ሁልጊዜ ዋናው ሐሳብ አልቋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያልኩ እነካካዋለሁ፤ ይስቃል፣ ቆሎ ይዘግንልኛል፣ ሌላ ይጀምራል። የተፈታ እንቆቅልሽ ለእሱ ተመጥጦ ያለቀ ሸንኮራ ነበር። ያም ሆኖ ማንንም አልጎዳም። ጅምሮቹ የሚሞቱት እዚያችው ላፕቶፕ ውስጥ ስለሆነ ለቅሶ የሚቀመጥላቸው አልነበረም።

የከብቱ ነገር ግን ሌላ ነው።

አንድ እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ሳይበተን ቄሰ ገበዙ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆሙ። አንድ ገበሬ ላም ጠፍታበት ኖሯል። እንደ አገሩ ልማድ መልኳን ተናግረው ሲያበቁ፣ «ያየ፣ የሰማ ይናገር። አይቶ፣ ሰምቶ ያልተናገረ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ተገዝቷል» አሉ። እኛ አገር ሌባ ከፖሊስ ይልቅ ይህን ይፈራል፤ ሌባው ባይፈራ ጎረቤቱ ይፈራል። ግዝት ያለበት ሰው አይቆርብም፣ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ሳይፈታ ከሞተ ደግሞ ነፍሱ እንደታሰረች ትቀራለች ይባላል።

ዘወር ስል ጋሻው ጆሮውን ይጎትታል።

«ሰማህ? ይኼ እኮ ፕሮግራም ነው!» አለኝ። «አንድ ሰው ይጠይቃል፣ ያየ ሁሉ ይመልሳል። ተሠርቶ ያለቀ ነገር ነው! የጎደለው አንድ ብቻ ነው፤ እዚህ የተነገረውን ስማዳ ያለው አይሰማም፤ ስማዳ ያለው ያየውም እዚህ አይደርስም። እኔ አገናኛቸዋለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበረውም። አንድ ስልክ መስኮቱ ላይ አቆመ፤ በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አያያዘው። ከብት የጠፋበት ሰው መልኩን ይልካል። ባለቤቱ ያልታወቀ ከብት ያየም መልኩንና ቦታውን ይልካል። ፕሮግራሙ ሁለቱን አመሳክሮ ለባለቤቱ ያስታውቃል። ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው፤ ችግሩ መልክ ነው። አንዱ ዳለቻ ያለውን በሬ ሌላው አመድማ ይለዋል። አንዱ ቡላ ያለውን ሌላው ቀይ ይለዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከብት ተራ ይዞኝ ይሄድና ሽማግሌዎቹን ያስጨንቃል።

«አባባ፣ ይኼ ምን መልክ ነው? ከዚያኛው በምን ይለያል?»

«አንተ ልጅ፣ ልትገዛው ነው ልትስለው?» አሉት አንዱ።

ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ የማያውቀውን የመልክ ስም ሁሉ ዘረገፉለት። በአፉ እየደጋገመ፣ ጭቃውን እየረገጠ ሲመለስ አየዋለሁ። ጋሻውን በበጎ ላስታውሰው ስፈልግ የማስበው ያን ጊዜውን ነው። እንደዚያ ደስ ያለው ሰው አላየሁም።

ከእነዚያ ቅዳሜዎች ባንዱ መንገድ ላይ ስለ ራሱ የነገረኝ ነገር አለ። አባቱ እስቴ የታወቁ አራሽ ነበሩ አለኝ። ሰኔ ሲመጣ ከአገሩ ሁሉ ቀድመው በሬ የሚጠምዱ እሳቸው ናቸው፤ ሲያርሱ ይዘፍናሉ። አረም ሲመጣ ግን ለቅሶ ይበዛባቸዋል፣ ሽምግልና ይበዛባቸዋል፣ ወገባቸውንም ያማቸዋል። «እናቴ ናት አርማ አርማ እዚህ ያደረሰችን» አለኝ። «እኔም የእሱ ልጅ ነኝ መሰለኝ።» እንደ ቀልድ ነበር የተናገረው። እኔም እንደ ቀልድ ሰማሁት።

ሥራው ሲደርስ ቄሰ ገበዙን ሊያሳምን ሄደ፤ አብሬው ነበርኩ።

«አባ፣ ግዝቱን ሲናገሩ የእኔን ስልክ ቁጥር አብረው ይናገሩልኝ። ያየው ሰው ባለቤቱን የት ብሎ ያገኘዋል? ለእኔ ይላክ፤ እኔ አደርሳለሁ።»

ቄሰ ገበዙ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደግፈው ቆዩ። «ለአንተ የላከ እንደ ተናገረ ይቆጠርለት ነው የምትለኝ?»

«አዎ፣ አባ።»

«ሸክሙን ታውቀዋለህ?»

«ሸክሙማ የኮምፒውተሩ ነው፣ አባ» አለ ጋሻው እየሳቀ።

እሳቸው አልሳቁም፤ ግን ተስማሙ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ግዝት ሲነገር፣ «ለመምህር ጋሻው ስልክ የላከ ተናግሯል፤ ከግዝቱ ነጻ ነው» ይባል ጀመር። ልማዱ ካንዱ አጥቢያ ወደ ሌላው እየተዛመተ ስማዳም እስቴም ደረሰ።

ብዙም ሳይቆይ ከእኛው ከጋይንት የጠፋ ወይፈን ስማዳ ተገኘ። ባለቤቱ ግቢያችን ድረስ መጥቶ የጋሻውን ጉልበት ሊስም ሲያጎነብስ ጋሻው በሁለት እጁ አነሣው። ሌላም ተገኘ፣ ሌላም። ሰው የጠፋ ከብት ፍለጋ ስንቅ ቋጥሮ ገበያ ለገበያ መዞሩን ተወ። መልእክቱን አንድ ጊዜ ይልክና ቤቱ ቁጭ ይላል። በከተማው ወሬ ስለሆነ ባለሥልጣናትም መጡ። ከላፕቶፑ ጋር ፎቶ ተነሡ፣ «ትልቅ ተሞክሮ ነው» አሉ፣ የምስክር ወረቀት ሰጡትና ሄዱ። ምን ይጎድልሃል ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ፕሮግራሙ የማያውቀው ቃል ሲመጣበት መልእክቱን ለብቻ ያስቀምጠዋል። ያን ጋሻው አንብቦ መፍታት፣ ቃሉንም ለፕሮግራሙ ማስተማር አለበት። በመጀመሪያ ይህች ክምር ማሩ ነበረች። አዲስ የመልክ ስም ባገኘ ቁጥር ግድግዳውን ደብድቦ ይጠራኛል። ወራት ሲያልፉ ግን አዲስ ቃል እያነሰ፣ «በሬዬስ?»፣ «ለምን አትመልስም?»፣ «ሌባው ዘመድህ ነው እንዴ?» እየበዛ መጣ። የተገኘው ከብት ሁሉ በእግዚአብሔር ቸርነት ተገኘ፤ ያልተገኘው ሁሉ በጋሻው ስንፍና ጠፋ። አንዱ ገበያ መሀል ኮቱን ይዞ፣ «የጠፋ ከብት ሁሉ ያለበትን አንተ እንዴት አወቅህ? ሌባን የሚያውቀው ሌባ ነው» አለው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኸው ነው። የአገሬን ሰው እወደዋለሁ፤ በዚህ ግን አላመሰግነውም።

ዳሩ እውነቱን ልናገር። ጋሻውን ከሥራው ያፋታው ስድቡ አይደለም። ስድቡ ከመምጣቱ በፊት ጆሮውን መጎተት አቁሞ ነበር። ኔትወርክ እየጠፋ አስቸግሮት ነው የሚሉም አሉ፤ ኔትወርኩ ሲመጣም አልከፈተውም። አንድ ቀን ወደ ክፍሉ ጠራኝና ሰው ሲናገር ሰምቶ የሚጽፍ አዲስ ነገር አሳየኝ። ጆሮው ቀልቷል።

«የከብቱስ?» አልኩት።

«እሱማ ዋናው ሐሳብ አልቋል። የቀረው ጉልበት ነው።»

«እንግዲያው ዝጋው። ለቄሰ ገበዙም ቀርቷል በላቸው።»

«ለምን እዘጋዋለሁ? እየሠራ!»

ይህን ነው የማልረሳለት። ቢዘጋው ሰው ወደ እግሩና ወደ ዓይኑ ይመለስ ነበር። እሱ ግን ሳይሠራበትም ሳይዘጋውም ተወው። በየእሑዱ ግዝቱ ይነገራል፣ ቁጥሩ ይነገራል፤ ያየ ሁሉ ልኮ ይገላገላል። ስልኩ መስኮቱ ላይ አቧራ ለብሶ ብልጭ ይላል።

የእማማ ጥሩዬ ዳለቻ በሬ የጠፋው በሰኔ ነው። እማማ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከከተማው ዳር ያለችውን መሬታቸውን ከሁለት በሬዎቻቸው ጋር ለእኩል አራሽ ሰጥተው ነው የሚኖሩት። የእኛ ኪራይ ለጨውና ለበርበሬ ቢሆን ነው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ሰኔ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

«ልጄ፣ ዳለቻው ሳይገባ አደረ። አስገባልኝ» አሉት ጋሻውን፣ በሩ ላይ ቆመው።

«እሺ እማማ።» እያዩት ጻፈላቸው። «ገብቷል። ከእንግዲህ ቁጭ ይበሉ።»

«ስማዳ ገበያ ልውረድ እንዴ? በእግሬ እኮ እደርሳለሁ።»

«ምን በወጣዎት! ያየ ሰው ይልካል። ቁጭ ይበሉ።»

እማማ ጥሩዬ ቁጭ አሉ። እንዲህ ዓይነት ሴት አልነበሩም። በፊት ጊደር ጠፍታባቸው ብቻቸውን ስማዳ ወርደው፣ ከተገኘችበት ሰው ጋር ተሟግተው፣ በገመድ እየጎተቱ ያመጧት ናቸው። አሁን ግን የተማረ ሰው ቁጭ ይበሉ አላቸው። በየማለዳው ጋሻው ፊቱን ሲታጠብ በራቸው ላይ ሆነው ይጠብቁታል።

«ልጄ፣ ምን አለ?»

«ገና ነው፣ እማማ።»

«እሺ ልጄ፤ እጠብቃለሁ።»

በግድግዳዬ በኩል በየቀኑ እሰማው ነበር። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ገባሁ።

«ለመሆኑ አይተኸዋል?»

«ፕሮግራሙ ያያል» አለኝ፣ ዓይኑን ከአዲሱ ሥራ ሳያነሣ።

«እኔ የጠየቅኩት አንተን ነው።»

«ካለ ይነግራቸዋል አልኩህ እኮ! ምን አስጨነቀህ?»

ሰኔ አልቆ ሐምሌ ገባ። እኩል አራሹ ጥቂት ታገሠና፣ «እማማ፣ ዘር ሊያልፍብኝ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» ብሎ ሌላ ሰው መሬት ገባ። የእማማ መሬት ጦሙን አደረ።

በነሐሴ አንድ የስማዳ ሰው ለገበያ መጥቶ ዝናብ ሲመታው እማማ ደጅ ተጠለለ። እንደ እንግዳ አስቀመጡት፤ ወሬ ወሬን ሲያነሣ የበሬው ነገር መጣ። ሰውየው ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ።

«ቀንዱ ወደ ፊት የዞረ ነው? ጭራው ጫፉ ላይ ነጭ?»

«እሱ ነው!»

«ኧረ በስመ አብ! አልተገኘም ኖሯል? እኔ እኮ ያኔውኑ ልኬ ነበር። እዚያው ስማዳ፣ ከወገዳ ወዲህ ባንድ ሰው ግቢ ታስሮ አየሁት፤ ግዝቱን ፈርቼ ላክሁ። ተናገርሁ፣ ተገላገልሁ ብዬ አረፍሁ።»

እማማ ጮክ ብለው ጠሩን። ሦስታችንም ጋሻው ፊት ቆመን ሳለ መልእክቱን ፈልጎ አገኘው። ፊቱ አመድ መሰለ። ሰውየው በሬውን «ጢስማ» ብሎት ነበር። ፕሮግራሙ ቃሉን ስለማያውቀው ከሌሎቹ ጋር ለብቻ አስቀምጦታል። የቀንዱ አዟዟር፣ ቦታው፣ የበሬው አሳሪ ስም፣ ሁሉም እዚያው ነበር። አንድ ሰው ዓይኑን ጣል ቢያደርግበት በቃ። ስማዳ ተደወለ፤ በሬው ከተሸጠ ቆይቷል፤ በአይሱዙ ተጭኖ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ ጠፋ።

እማማ አልጮሁም፣ አልተራገሙም። ላፕቶፑን ትክ ብለው አዩት።

«እኔ ስማዳ ነው፣ እስቴ ነው ስል፣ ወሬው እዚሁ ቤቴ ውስጥ ነበር?» አሉ።

ጋሻው መልእክቱን ደግሞ አነበበው።

ነገሩ ቄሰ ገበዙ ጆሮ ሲደርስ አስጠሩት። እንዳጅበው ለመነኝና አብሬው ሄድኩ።

«የላከው ሰው ነጻ ነው» አሉት ሳይቆጡ። «የተላከለትስ?»

«አባ፣ እኔ አልሰማሁም። የሰማው ስልኩ ነው።»

«ስልክ አይገዘትም፣ ልጄ። ሸክሙን ታውቀዋለህ ወይ ብዬህ ነበር።» አሉና ቀጠሉ። «እዚያ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለየባለቤቱ ንገር። ዘገየ፣ አልዘገየ አትበል። ተናግረህ ጨርሰህ ና፤ እፈታሃለሁ።»

ተቀምጦ ማንበብ ጀመረ። ክምሩ ብዙ ነበር፤ ያነብባል፣ ይደውላል።

«ጊደርዎ ጥር ላይ መካነ ኢየሱስ ገበያ ታይታ ነበር።»

«ዛሬ ነሐሴ ነው እኮ፣ አንተ ሰው! እንዳለቅስባት ብለህ ነው የምትነግረኝ?»

አንዱ ይረግመዋል፣ አንዱ ይስቅበታል፣ አንዱ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዘጋበታል። አዘንኩለት፤ ቡና እየገዛሁ እወስድለት ነበር። መስከረም ሳይጠባ ከግድግዳው ወዲያ ጸጥ አለ። ገብቼ ሳይ ላፕቶፑ ተዘግቷል፤ እሱ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ጣሪያውን ያያል።

«ጨረስህ?»

«ምን ዋጋ አለው? ጥፋቴ ገብቶኛል። ዋናው እሱ ነው።»

«የቀረውስ?»

ወደ ግድግዳው ዞረ። ንስሐውንም እንደ ክፍለ ጊዜው ድልድል ግማሽ ላይ ጣለው። ያን ቀን ከልቤ ጠላሁት።

በዚያው ዓመት ዝውውር ጠይቆ ወደ እስቴ ተመለሰ። ሲሄድ ስልኩን ከመስኮቱ ነቀለ። እማማን ደጃቸው ድረስ ሄዶ፣ አቀርቅሮ ተሰናበታቸው፤ «በደኅና ግባ» አሉት፣ ሌላ ምንም አላሉትም።

ከዚያ በኋላ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። ለሥራ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ሄጄ ፈለግሁት። ከስቷል። ላፕቶፑን ሸጦታል፤ በኪሱም ቆሎ የለም። እሑድ አብረን ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ እሱ ከውጭው በር አላለፈም። ግንቡን ተደግፎ ቆመ።

«ግባ እንጂ» አልኩት።

«እዚህም ይሰማል» አለኝ።

በግዝት የሚያምን አይመስለኝም ነበር። ያምን ኖሯል። ዝናብ ሲመጣ እንኳ ጋቢውን ተከናንቦ እዚያው ቆመ፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰም። ታዲያ ይህን ያህል የሚያምን ሰው ለቀሪዎቹ ሰዎች መደወል እንዴት አቃተው? ብዙ አሰብኩበት። እንቆቅልሽ ያለበት ቦታ ሳይበላ ሳይተኛ የሚውል ሰው፣ እንቆቅልሽ በሌለበት ቦታ ነፍሱን ለማዳን እንኳ ክንዱ አይነሣለትም። ሰነፍ እንዳልለው ትጋቱን አይቻለሁ፤ ትጉህ እንዳልለው የእማማን መሬት አይቻለሁ። አዝንለታለሁ፣ ያናድደኛል፣ ሁለቱም አንድ ላይ ነው።

እንግዲህ የእናቱን አደራ ይዤ መዞር ጀመርኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ቄሰ ገበዙ ዘንድ ነው። «እኔ በበኩሌ ፈትቼዋለሁ፤ ነፍስ ይማር» አሉኝ። «ሐቁ ግን የባለ ከብቶቹ ነው። እነሱ ይፍቱት።»

አብዛኞቹ ረስተውታል። «የቱ ጋሻው?» ያሉኝ አሉ። ስንት የተሰደበበት፣ ስንት የለፋበት ነገር፣ የቱ ጋሻው ሆኖ ቀረ! ወይፈኑ የተገኘለት ሰው አለቀሰ። ገበያ መሀል ሌባ ያለውም፣ «እግዚአብሔር ይፍታው፤ ብልህ ልጅ ነበር» አለኝ። ብልህነቱ አሁን ታየው። ሰው ሲሞት ምስጋና አይጠፋም። ብቻ ሁሉም ይፍታው አሉ። የቀሩኝ አንድ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም ከክፍሌ በር ፊት ለፊት የሚኖሩት ናቸው።

እማማ ጥሩዬ ምስር ይለቅሙ ነበር። የቀረውን በሬ ከሸጡት ቆይተዋል። መሬቱንም ሌላ ሰው ይዞታል። ስነግራቸው እጃቸውን ገታ አድርገው፣ «ነፍስ ይማር፤ እናቱን ያጽናት» አሉ።

«ይፍቱት እማማ። አርባው እየደረሰ ነው።»

ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ።

«በሬው ስለ ጠፋ አይደለም፣ መምህር። በሬ ይጠፋል፤ እግዜር ወሰደው እላለሁ፤ አርፋለሁ። ግን እኔ የጠፋ ከብት መፈለግ አውቅ ነበር። እግር ነበረኝ። እሱ ቁጭ ይበሉ አለኝ፤ ቁጭ አልሁ። እኔን አስቀምጦ እሱ ተነሥቶ ሄደ።»

«ታዲያ ይፈቱታል?»

«ገና ነው» አሉኝ።

በቁጣ አልነበረም፤ ቀና ብለውም አላዩኝም። ምስሩን መልቀም ቀጠሉ። በማግሥቱ ጠየቅኳቸው፤ ገና ነው። በሌላውም ቀን ጠየቅኳቸው፤ ገና ነው። ዛሬ ማለዳ ፊቴን ታጥቤ በራቸው ላይ ሄጄ ቆምኩ፤ አሁንም ያው ነው። አርባው ነገ ነው።

ከቀትር በኋላ እናቱ ደወሉ።

«ፈቱለት፣ ልጄ? ሁሉም ፈቱለት?»

አዎ ልላቸው አስቤ ነበር። አንዲትን እናት በልጇ አርባ ብዋሻት እግዚአብሔርም ይቅር ይላል ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ገና ነው፣ እማማ።»

በስልኩ ውስጥ የደጁ ንፋስ ይሰማል።

«እሺ ልጄ» አሉኝ፤ «እጠብቃለሁ።»